ሁለተኛ ተጫራች ያጣ ጨረታ፦ አነስተኛ ሻጮችና የኢቤይ አማራጮች

የኢንተርኔት ጨረታ ሻጭን የሚጠቅመው አንድን ዕቃ ቢያንስ ሁለት ሰዎች አጥብቀው ሲፈልጉት ነው። ዋጋውን ወደ ላይ የሚገፋው ከአሸናፊው ቀጥሎ ያለው ተጫራች ነው፤ እርሱ ከሌለ ዕቃው በመነሻ ዋጋው ይሄዳል። ከኢቤይ ሸሽተው ወደ ሌሎች የጨረታ ድረ ገጾች የሄዱ የአሜሪካ አነስተኛ ሻጮች ብስጭት ከዚህ ይመነጫል።

እ.ኤ.አ. በ1995 ፒየር ኦሚድያር በካሊፎርኒያ የመሠረተው ኢቤይ ያደገው ጓዳ ውስጥ የተረሳ ዕቃ በሚሸጡና አሮጌ ሳንቲም በሚነግዱ ሰዎች ነው። ሲብላላ የቆየው ቅሬታቸው በ2008 ገነፈለ። ኩባንያው የማስመዝገቢያ ክፍያን ቀንሶ ከሽያጭ የሚወስደውን ድርሻ ከፍ አደረገ፤ ከመጀመሪያው 25 ዶላር ላይ የሚቆረጠው ከ5.25 ወደ 8.75 በመቶ ወጣ። ሻጭ ስለ ገዢ አሉታዊ አስተያየት እንዳይሰጥም ተከለከለ። ሁለተኛው ውሳኔ ከክፍያው ይልቅ የከበደ በደል ነበር፤ ጨረታ አሸንፎ ሳይከፍል የሚጠፋን ሰው ለሌሎች ሻጮች የማሳወቂያው መንገድ ተዘግቷልና። በየካቲት ብዙዎች ለአንድ ሳምንት ዕቃ ላለማቅረብ አደሙ።

ከዚያ በፊትም መሸሻ አልጠፋም ነበር። ያሁ በ1998፣ አማዞን በ1999 የጨረታ ገጽ ከፍተዋል። ያሁ መጀመሪያ በነፃ ስለሚያስመዘግብ ብዙ ዕቃ ተከማችቶበት ነበር፤ በ2001 ማስከፈል ሲጀምር ግን ዕቃው በአንዴ ተመናመነ። በ2005 ክፍያውን ቢያነሣም አላንሰራራም፤ የአሜሪካው ገጽ በ2007 ተዘጋ። ነፃ ምዝገባ የሚጠራው ሻጭን እንጂ ገዢን አይደለም። ማስመዝገብ ምንም በማያስወጣበት ገበያ ደግሞ የማይሸጥ ዕቃ ሳይነሣ ይከርማል፤ የመጣው ጥቂት ገዢም በፍለጋ ይሰለቻል።

ጄኒፈር ብራውንና ጆን ሞርጋን የተባሉ ተመራማሪዎች ተመሳሳይ አሮጌ ሳንቲሞችን በኢቤይም በያሁም አጫርተው ልዩነቱን ለክተዋል። በኢቤይ የሻጩ ገቢ ከያሁው ከ20 እስከ 70 በመቶ ይበልጥ ነበር፤ በአንድ ሻጭም ሁለት ያህል ተጨማሪ ገዢዎች ይመጡ ነበር። በያሁ 10 ዶላር ያወጣ ሳንቲም በኢቤይ ቢያንስ 12 ዶላር ያወጣል ማለት ነው። በ2008ቱ ተመን 1.05 ዶላር ቢቆረጥበት እንኳ፣ የማስመዝገቢያው ክፍያ ሳይታሰብ፣ ለሻጩ 10.95 ዶላር ይተርፈዋል። የክፍያ ምሬቱ እውነተኛ ነው፤ መሸሹ ግን ይበልጥ ያከስራል። በጃፓን ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆኖ ታይቷል፦ ያሁ በ1999 ቀድሞ ገብቶ ገዢውንም ሻጩንም ስለያዘ፣ በቀጣዩ ዓመት የተከተለው ኢቤይ በ2002 ጥሎ ወጣ።

ሌላው እንቅፋት ስም ነው። በዓመታት ታማኝነት የተሰበሰበ የገዢዎች ምስክርነት ያለው ሻጭ አዲስ ገጽ ላይ እንደ ማንም እንግዳ ከዜሮ ይጀምራል። አማዞን በመጀመሪያ ሻጮች የኢቤይ ምስክርነታቸውን ይዘው እንዲገቡ ፈቅዶ ነበር፤ ኢቤይ መረጃው ንብረቴ ነው ብሎ አጥብቆ ሲቃወም አገልግሎቱ ተቋረጠ። ምስክርነቱን በሥራው ያፈራው ሻጩ ሆኖ ሳለ በክርክሩ ውስጥ ድምፅ አልነበረውም።

ተቀናቃኝ ገበያዎች በአብዛኛው የቆዩት ጨረታን ዋና ሥራቸው ሳያደርጉ ነው። በ2005 የተጀመረው ኤትሲ በእጅ ሥራና በአሮጌ ዕቃዎች ላይ አተኩሮ በተቆረጠ ዋጋ ያሸጣል። በተቆረጠ ዋጋ ሲሸጥ አንድ ገዢ ይበቃል።