ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ፤ ግን የማን ገንዘብ?

ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ፣ የመንገደኞች መመዝገቢያው ፊት ለፊት፣ በየሌሊቱ የሚደገም ነገር አለ። ሻንጣ ሚዛን ላይ ይወጣል። የተፈቀደው 23 ኪሎ ነው፤ ሚዛኑ 26 ይላል። መንገደኛዋ ሻንጣዋን ወለል ላይ አውርዳ ትከፍታለች። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቡና፣ ድርቆሽ፣ እናት ያነጠረችው ቅቤ። የቱ ይውጣ? ወይስ ይከፈል? «ስንት ነው?» ብላ ስትጠይቅ የሚነገራት ዋጋ ሥሩ ዶላር ነው። በብር ብትከፍል እንኳ የዕለቱ ምንዛሪ ተመትቶበት ነው።

ሦስት ኪሎ አዲስ አበባም ዋሽንግተንም ሦስት ኪሎ ነው። የሚከፈልበት ገንዘብ ግን አንድ አይደለም። የአየር ጉዞ ታሪክ ከመጀመሪያው ጀምሮ ከዚህ ልዩነት ጋር ሲታገል ኖሯል። በየዘመኑ መፍትሔ ተበጅቷል፤ በየዘመኑም መፍትሔው አንዱን ወገን ከለላ ሰጥቶ ሌላውን ሜዳ ላይ ትቶታል።

ወርቅ ዳኛ በነበረበት ዘመን

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1929 መንግሥታት ዋርሶ ላይ ተሰብስበው ስለ ዓለም አቀፍ የአየር ማጓጓዣ ኃላፊነት ውል ፈረሙ። ውሉ ከሚመልሳቸው ጥያቄዎች አንዱ ይህ ነበር፦ የመንገደኛ ሻንጣ ቢጠፋ አየር መንገዱ ስንት ይክፈል? በየትኛውስ ገንዘብ?

ጥያቄው የዋዛ አልነበረም። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የጀርመን ማርክ ተራ ወረቀት ሆኖ ቀርቶ ነበር። የፈረንሳይ ፍራንክም ከጦርነቱ በፊት ከነበረው የወርቅ ዋጋ አራት አምስተኛውን አጥቷል። ጠቅላይ ሚኒስትር ሬይሞን ፖንካሬ በ1928 ፍራንኩን በ65.5 ሚሊግራም ወርቅ ላይ ተከሉት፤ የወርቁ ጥራትም ከሺህ 900 እጅ ነበር። የዋርሶ ውል የወሰደው ይህንኑ መለኪያ ነው። ለጠፋ ወይም ለተበላሸ ሻንጣ ጣሪያው በኪሎ 250 ፍራንክ ተባለ። ይህም ወደ 14.7 ግራም ንጹሕ ወርቅ ማለት ነው።

ፈረንሳይ ራሷ በ1936 ፍራንኳን ስታረክስ የውሉ ፍራንክ አልተነካም። ወረቀቱ ወደቀ፣ ወርቁ ባለበት ቆመ። ሐሳቡ ግልጽ ነበር፤ መንገደኛው ከየትም ይምጣ፣ ኪሱ ውስጥ የየትም አገር ገንዘብ ይኑር፣ የሻንጣው ኪሎ በአንድ ሚዛን ይመዘናል።

ብርና ክንፍ

ኢትዮጵያ ወደዚህ ሥርዓት የገባችው አዲስ ገንዘብና አዲስ አየር መንገድ ይዛ ነው። ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ ብር ሕጋዊ ገንዘብ ሆነ። ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ቲ.ደብሊው.ኤ. ከተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ጋር በተደረገ ስምምነት የኢትዮጵያ አየር መንገድ ተቋቋመ። መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ሲ-47 አውሮፕላን በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ በረረች። ብርና አየር መንገዱ እኩዮች ናቸው ማለት ይቻላል። ያኔ አንድ የአሜሪካ ዶላር በ2.48 ብር ገደማ ይመነዘር ነበር።

የዚያ ዘመን የሻንጣ ደንብም ለመረዳት አይከብድም። አየር መንገዶች በማኅበራቸው በአያታ ጉባኤ ዋጋ ይስማማሉ። ለአንደኛ ማዕረግ 30 ኪሎ፣ በኋላ ለመጣው ኢኮኖሚ 20 ኪሎ ይፈቀዳል። ከዚያ ሲያልፍ ለእያንዳንዱ ኪሎ የአንደኛ ማዕረግ የአንድ ጉዞ ዋጋ አንድ በመቶ ይከፈላል። ክፍያው ውድ ነበር። ነገር ግን የገንዘቦች ምንዛሪ በብሬተን ዉድስ ስምምነት የታሰረ ስለነበር ዛሬ የተነገረው ዋጋ ከስድስት ወር በኋላም ያው ነው። ብር ራሱ እስከ 1956 ዓ.ም. ድረስ ከ2.48 አልተነቃነቀም፤ ያኔም የሄደው ወደ 2.50 ብቻ ነው። መንገደኛው የሚጨነቀው ለሚዛኑ እንጂ ለምንዛሪው አልነበረም።

ገመዱ ሲበጠስ

እ.ኤ.አ. ነሐሴ 15 ቀን 1971 ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን ዶላር ከወርቅ ጋር የነበረውን ትስስር አቋረጡ። ብዙም ሳይቆይ ትልልቆቹ ገንዘቦች በገበያ መዋዠቅ ጀመሩ። «አንድ ኪሎ ሻንጣ በወርቅ ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄም ድንገት ሁለት መልስ አገኘ። በመጨረሻው የመንግሥት ዋጋ፣ ማለትም ወርቅ በአውንስ 42.22 ዶላር ሲታሰብ፣ የዋርሶው ጣሪያ በኪሎ 20 ዶላር ነው። በጥር 1980 ወርቅ በገበያ 850 ዶላር ሲደርስ ግን ያው ጣሪያ 400 ዶላር ሆነ።

ክርክሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1979 ፍራንክሊን ሚንት የተባለ ኩባንያ ከፊላደልፊያ ወደ ለንደን የላካቸው አራት እሽጎች ጠፉ። በውስጣቸው ለሰብሳቢዎች የሚሸጡ ሳንቲሞችና መሰል ዕቃዎች ነበሩ፤ ክብደታቸው 714 ፓውንድ ነው። ጭኖ የነበረው ያው የኢትዮጵያን አየር መንገድ ያቋቋመው ቲ.ደብሊው.ኤ. ነበር። ባለንብረቱ 250,000 ዶላር ጠየቀ። ጉዳዩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዶ በ1984 ተቋጨ። ፍርድ ቤቱ የሠራው በአሮጌው የወርቅ ዋጋ ነው፤ በፓውንድ 9.07 ዶላር፣ በድምሩ 6,475.98 ዶላር። ነገሩ የንግድ ጭነት ቢሆንም የውሉ አንቀጽ ለመንገደኛ ሻንጣም ያው ነው። ወርቁ ውሉ ላይ ተጽፎ ቀረ፤ የተከፈለው ግን ዶላር ነበር።

አየር መንገዶች ለራሳቸው ሒሳብ የተሻለ መላ አገኙ። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1989 ጀምሮ ዓለም አቀፍ የቲኬት ዋጋ የሚሰላው ኤን.ዩ.ሲ. በሚባል የወረቀት ላይ መለኪያ ነው። ማንም በኪሱ የማይዘው፣ የትም የማይመነዘር ገንዘብ ነው፤ ልኩ ግን ከአሜሪካ ዶላር ጋር እኩል ነው። ገንዘባቸው በሚዋዠቅባቸው አገሮች ዋጋው ከመነሻው በዶላር ይጻፋል፤ ቲኬቱ ሲሸጥ በዕለቱ የባንክ ምንዛሪ ይባዛል። ኩባንያዎች እርስ በርስ ሲተሳሰቡ ከዚህ በኋላ የሚያስጨንቃቸው ነገር ቀነሰ።

ለጠፋ ሻንጣም እንዲሁ አዲስ መለኪያ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1999 የተፈረመው የሞንትሪያል ውል ወርቅን ትቶ ኤስ.ዲ.አር. የተባለውን የዓለም የገንዘብ ድርጅት የሒሳብ መለኪያ ያዘ። ጣሪያው በኪሎ መሆኑ ቀርቶ ለአንድ መንገደኛ 1,000 ሆነ። የዋጋ ንረት እየታየ በ2009 ወደ 1,131፣ በ2019 ወደ 1,288፣ በታኅሣሥ 2024 መጨረሻ ወደ 1,519 ከፍ ብሏል። ዛሬ ይህ ወደ 2,000 ዶላር ይጠጋል። ብዙ ኢትዮጵያውያን መንገደኞች ይህን መብት አያውቁትም፤ ለሦስት ኪሎ ትርፍ ስንት እንደሚከፈል ግን ሁሉም ያውቃል።

መቶ ዶላር በብር

አሁን ወደ ብር እንመለስ። ለአንድ ተጨማሪ ሻንጣ 100 ዶላር ይጠየቃል እንበል። ብር ከዶላር ጋር በ2.07 ታስሮ በነበረበት፣ እስከ 1985 ዓ.ም. መግቢያ ድረስ በዘለቀው ዘመን፣ ይህ 207 ብር ነው። መስከረም 21 ቀን 1985 ዓ.ም. ምንዛሪው 5 ብር ሲሆን በአንድ ቀን 500 ብር ሆነ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሊለቀቅ ዋዜማው ላይ ወደ 5,700 ብር ደርሶ ነበር። ጥቂት ወራት ሳይቆይ ከ11,000 ብር አለፈ።

በነዚህ ዓመታት ሁሉ ሻንጣው አልከበደም። የተለወጠው ተሸካሚው ነው። በ2017 ዓ.ም. በተስተካከለው የደመወዝ እርከን የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ 4,760 ብር ነበር። ያ አንድ ሻንጣ ከሁለት ወር ደመወዝ በላይ ነው። በአንጻሩ በአሜሪካ የፌዴራሉ ዝቅተኛ ክፍያ በሰዓት 7.25 ዶላር ነው፤ እዚያ ያው ሻንጣ የሁለት ቀን ሥራ አይሞላም። ሁለቱ መንገደኞች በአንድ አውሮፕላን፣ ምናልባትም በአንድ ረድፍ ተቀምጠው ይሄዳሉ።

የከፋውም ታይቷል። የሊባኖስ ገንዘብ ሲንኮታኮት አሠሪዎች ደመወዝ በዶላር መክፈል አቆሙ፤ በሰኔ 2012 ዓ.ም. ኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞች ቤይሩት በሚገኘው ቆንስላ ደጃፍ ተጥለው ሜዳ ላይ አደሩ። ለዓመታት የተሠራበት ላብ በሊራ ቀልጦ ነበር፤ የመመለሻ ቲኬት ግን የሚጠየቀው በዶላር ነው። ለነሱ የምንዛሪ ልዩነት የሻንጣ ጉዳይ አልነበረም፤ አገር የመግባትና ያለመግባት ጉዳይ ነበር።

ሻንጣ ከቲኬት ሲነጠል

በዚህ ላይ ሌላ ለውጥ ተጨመረ። ድሮ ሻንጣ የቲኬቱ አካል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 የአየርላንዱ ራያንኤር ለሚጫን ሻንጣ ለብቻው ማስከፈል ጀመረ። በ2008 የነዳጅ ዋጋ ሰማይ ሲነካ አሜሪካን ኤርላይንስ ለመጀመሪያው ሻንጣ 15 ዶላር ጠየቀ፤ ሌሎቹም ተከተሉ። ነዳጁ ቆይቶ ወረደ፤ ክፍያው ግን ቀረ።

ዋጋው ሲነጠል የገንዘብ ልዩነት የሚደበቅበት አዲስ ጥግ አገኘ። ራያንኤር አውሮፕላን ማረፊያ ደርሶ ለሚመዘገብ መንገደኛ ያወጣው ቅጣት 55 ዩሮ ወይም 55 ፓውንድ ነው። ቁጥሩ አንድ ነው፤ ፓውንድ ግን ከዩሮ ይበልጣል። ከለንደን የተነሣው ከደብሊን ከተነሣው የበለጠ ይከፍላል፤ ወረቀቱ ላይ ግን እኩል ይመስላሉ። ይህ የሆነው በሁለት ሀብታም ገንዘቦች መካከል ነው። በዶላርና በብር መካከልማ ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

የአየር መንገዶቹ እውነት

የአየር መንገዶች ክርክር ግን መሠረት አለው። ነዳጅ፣ መለዋወጫና የአውሮፕላን ኪራይ የሚከፈለው በዶላር ነው። ልዩነቱን እነሱ እንዲሸከሙ ሲደረግም ውጤቱ ታይቷል። ቬንዙዌላ ውስጥ በ2013 አካባቢ ቲኬት በመንግሥት ምንዛሪ ሲሸጥ ከጥቁር ገበያው አንጻር በነጻ እንደመስጠት ስለነበር መቀመጫው ለወራት አስቀድሞ አለቀ። ገንዘቡ ግን ከአገር መውጣት አልቻለም፤ 3.8 ቢሊዮን ዶላር ታግዶ ቀረ፤ ኩባንያዎቹም አንድ በአንድ ወጡ። በናይጄሪያ በ2023 አጋማሽ የታገደው ከ812 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ኤምሬትስ በዚሁ ምክንያት በ2022 በረራውን አቁሞ የተመለሰው በጥቅምት 2024 ነው።

ስለዚህ ልዩነቱ በትእዛዝ አይጠፋም። መንግሥት ሊደብቀው ሲሞክር አየር መንገዱ ላይ ያርፋል፤ አየር መንገዱ ሲሸሽ ተመልሶ መንገደኛው ላይ ይወድቃል። ጥያቄው ልዩነቱን ማጥፋት ሳይሆን መንገደኛው ሳያውቀው እንዳይወድቅበት ማድረግ ነው።

ለዚህ ደግሞ አዲስ ፍልስፍና አያስፈልግም። አሜሪካ ከጥር 2012 ጀምሮ በሥራ ላይ ያዋለችው ደንብ ወደ አገሯ ለሚገባና ከአገሯ ለሚወጣ መንገደኛ ቲኬት በተቆረጠበት ጊዜ የነበረው የሻንጣ ፈቃድና ክፍያ እስከ ጉዞው ፍጻሜ እንዲጸና ያዛል። ይኸው መርሕ አንድ እርምጃ ቢራመድ ለብር ተጠቃሚ ትልቅ ነገር ነው፤ ቲኬት በብር የቆረጠ ሰው የሻንጣው ክፍያም በዚያው ቀን ምንዛሪ፣ በብር ተጽፎ፣ ለመሄጃም ለመመለሻም ይጽናለት። ሻንጣው ቢጠፋ የሚከፈለው ጣሪያም ቲኬቱ ላይ በብር ይቀመጥ። ይህ ለኩባንያው የጥቂት ሳምንታት የምንዛሪ ሥጋት ነው። ኩባንያ ይህን ሥጋት የሚያሰላበትና የሚያካፍልበት ባለሙያ አለው፤ መንገደኛዋ ግን ሚዛኑ አጠገብ ያለችው ብቻዋን ነው።

በ1929 ዋርሶ ላይ የተሰበሰቡት ሰዎች የሁሉም ሰው ኪሎ በአንድ ወርቅ ይመዘን ብለው ነበር። ያ ወርቅ አይመለስም። ከሦስት ኪሎ በርበሬ እና ከሁለት ሳምንት አስቤዛ አንዱን ለምትመርጥ ሴት ግን ዋጋውን ቤቷ ሳለች፣ በራሷ ገንዘብ፣ ቁርጡን መንገር አሁንም ይቻላል።