ዘንዶው የተኛባቸው ሳጥኖች፦ የልጆች መጫወቻ እንዴት የገንዘብ ማስቀመጫ ሆነ?

ጄ.አር.አር. ቶልኪን በ1937 ባሳተመው «ሆቢት» በተሰኘው ልብ ወለድ ውስጥ ስማውግ የሚባል ዘንዶ አለ። ተራራ ሙሉ ወርቅ ከድንኮች ነጥቆ ላዩ ላይ ተኝቷል። አይሸጠው፣ አይለውጠው፣ አያጌጥበት። ሥራው ወርቁ ላይ መተኛትና ሌባ መጠበቅ ብቻ ነው። በ2014 የዴንማርኩ ሌጎ ኩባንያ ይህንኑ ዘንዶ ከነተራራው 866 ቁራጭ ባለው የሚገጣጠም መጫወቻ ሠርቶ ለገበያ አቀረበው። ከገዙት መካከል ሳጥኑን ሳይከፍቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ያስገቡ ጎልማሶች ነበሩ። እነሱም እንደ ዘንዶው ተኙበት፤ ዋጋው እስኪወጣ ድረስ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዕቃ ይዞ ዋጋ መጠበቅ ለኢትዮጵያ አንባቢ አዲስ ነገር አይደለም። ብር ሲረክስ ብረትም ቆርቆሮም ገዝቶ የሚያስቀምጥ ሰው ሞልቷል። የነዚህ ሳጥኖች ታሪክ ግን አንድ ጥያቄ ያነሳል፦ ዕቃን ውድ የሚያደርገው ማነው? ያስቀመጠው ሰው ነው ወይስ ሌላ?

መልሱን ለማግኘት ከሌጎ በፊት ኬነር ወደሚባለው የአሜሪካ አሻንጉሊት ኩባንያ መሄድ ያስፈልጋል። በ1977 «ስታር ዋርስ» የተሰኘው ፊልም ሲወጣ የአሻንጉሊቱን መብት የያዘው ኬነር ነበር። ፊልሙ ያን ያህል ሕዝብ ያጎርፋል ብሎ ስላልጠበቀ ለገና በዓል የሚደርስ አሻንጉሊት አልነበረውም። ምን አደረገ? ባዶ ካርቶን ሸጠ። ካርቶኑ የያዘው የምስክር ወረቀት ነው፤ ወረቀቱን ሞልቶ የላከ ቤተሰብ አሻንጉሊቶቹ በሚቀጥለው ዓመት በፖስታ ይደርሱታል።

በ1978 አሻንጉሊቶቹ ሲደርሱ ልጆች ተጫወቱባቸው። እጃቸው ተገነጠለ፣ ትንንሽ መሣሪያዎቻቸው ሣር ውስጥ ጠፉ፣ የተረፉትን እናቶች ለሌላ ልጅ ሰጡ። ከሃያ ዓመት በኋላ ያልተከፈተ ሳጥን በመከራ የሚገኝ ነገር የሆነው ለዚህ ነው። ያኔ ልጆች የነበሩት አድገው ደሞዝተኛ ሲሆኑ ለብርቆቹ አሻንጉሊቶች በሺዎች የሚቆጠር ዶላር መክፈል ጀመሩ። ልብ በሉ፤ ያንን ዋጋ የሠሩት አሻንጉሊቱን እየተጫወቱ የጨረሱት ልጆች ናቸው። ያስቀመጡት ጥቂቶች የልጆቹን ድካም አጨዱ።

በ1999 አዲስ የስታር ዋርስ ፊልም ሲመጣ ይህን ታሪክ ያልሰማ አልነበረም። ፊልሙ ገና ሳይታይ፣ አሻንጉሊቶቹ ለሽያጭ በቀረቡበት ሌሊት በአሜሪካ መደብሮች ደጅ ሰልፍ ተያዘ። ብዙው ሰልፈኛ ጎልማሳ ነበር። ገዛ፣ ሳይከፍት አስቀመጠ። ችግሩ ጎረቤቱም ገዝቶ ማስቀመጡ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመታት አልፈው እንኳ ከነዚያ አሻንጉሊቶች አብዛኞቹ በተገዙበት ዋጋ፣ አንዳንዴም ከዚያ ባነሰ ይገኛሉ። ሁሉም ያስቀመጠው ዕቃ ብርቅ አይሆንም።

ሌጎም ከፊልም ጋር የተጋባው በዚያው በ1999 ነው። ኩባንያውን በ1932 ቢሉንድ በምትባል ትንሽ የዴንማርክ ከተማ የመሠረተው ኦሌ ኪርክ ክርስቲያንሰን የተባለ አናጢ ነው። ስሙም በዴንማርክ ቋንቋ «በደንብ ተጫወት» ከሚል ሐረግ የወጣ ነው። ዛሬ የምናውቀው ተገጣጣሚ ጡብ የፈጠራ መብት የተመዘገበው በ1958 ነው። ለአርባ ዓመት ያህል ኩባንያው ከተማውንም ቤተ መንግሥቱንም ራሱ እየፈጠረ ሲሸጥ ኖረ። በ1999 የስታር ዋርስ፣ በ2001 ደግሞ የሃሪ ፖተር ሳጥኖችን አወጣ። ፊልሞቹ በታዩባቸው ዓመታት ሽያጩ ተመነደገ።

በ2003 ግን ከሁለቱ አንዱም አዲስ ፊልም አላወጣም። ሳጥኖቹ መደርደሪያ ላይ ቀሩ። በዚያ ላይ ኩባንያው ከአቅሙ በላይ የምርት ዓይነት አብዝቶ ስለነበር ከባድ ኪሳራ ገጠመው፤ የ2004ቱ ደግሞ ባሰ። በዚያ ዓመት ባለቤቶቹ አመራሩን የቤተሰቡ አባል ላልሆነው ለ35 ዓመቱ ዮርገን ቪግ ክኑድስቶርፕ አስረከቡ። በ2005 የሌጎላንድ መዝናኛ ፓርኮች አብዛኛው ድርሻ ተሸጠ። የፊልም እንጀራ የሚበላ በፊልም ጾም እንደሚጾም ኩባንያው በራሱ ላይ አየው።

የቶልኪን ዓለም ወደ ሌጎ የገባው ዘግይቶ ነው። የፒተር ጃክሰን «የቀለበቶቹ ጌታ» ሦስት ፊልሞች ከ2001 እስከ 2003 ሲታዩ፣ የመጨረሻውም 11 የኦስካር ሽልማት ሲወስድ፣ ሌጎ ከዚያ ታሪክ አንድም ሳጥን አልሠራም። የሠራው «ሆቢት» ወደ ፊልም በመጣበት በ2012 ነው። በ2013 የጠንቋዩ የሳሩማን ግንብ በ2,359 ቁራጭ ተሠርቶ በ200 ዶላር ወጣ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሁሉም ከመደብር ተነሱ። ፊልሞቹን በጉርምስናቸው ያዩ ሰዎች ገንዘብ ያገኙት ልክ በዚህ ጊዜ ነበር። ያልተከፈተው ግንብ ከመጀመሪያው ዋጋው እጥፍ በላይ ተሸጠ።

ከዚያ ጥናቱ መጣ። በሞስኮ የሚገኘው የከፍተኛ ኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች ከ1987 እስከ 2015 ያለውን ጊዜ ወስደው 2,322 የሌጎ ስብስቦችን ዋጋ መረመሩ። አማካይ ዓመታዊ ትርፉ ቢያንስ 11 በመቶ ሆኖ አገኙት፤ በፊልም ላይ የተመሠረቱት ደግሞ የተሻለ ከሚያስገኙት መካከል ናቸው። የዓለም ጋዜጦች «ከወርቅ ይበልጣል» ብለው አራገቡት። በዚሁ ጥናት ውስጥ ግማሽ ዋጋቸውን ያጡ ስብስቦች መኖራቸው ግን ርዕስ አልሆነም። መጋዘን፣ ማጓጓዣና የሻጭ ኮሚሽን ከትርፉ ላይ እንደሚቀነሱም ብዙ አልተወራም። ሀብት ባለበት ሌባ አይጠፋምና በ2021 የፈረንሳይ ፖሊስ የሌጎ ሳጥን የሚሰርቅ የተደራጀ ቡድን ሲከታተል ተሰማ።

በቶልኪን ታሪክ ስማውግ በወርቅና በዕንቁ የተለበጠ ደረት ቢኖረውም አንዲት ያልተሸፈነች ቦታ አለችው፤ ቀስቱ የገባው በዚያች ነው። የሳጥን አስቀማጩም እንዲህ ያለች ክፍት ቦታ አለችው። ወርቅን በፋብሪካ መሥራት አይቻልም። የሌጎን ጡብ ግን ቢሉንድ ያለው ኩባንያ በፈለገው ቀን መልሶ ያመርተዋል። በ2008 የወጣው የታጅ ማሃል ስብስብ ከገበያ ከተነሳ በኋላ ዋጋው ወደ ሺዎች ወጥቶ ነበር። በ2017 ኩባንያው ያንኑ ሕንፃ ያለ ብዙ ለውጥ በአዲስ ሳጥን አወጣው። በዚያው ዓመት በ2007 በ500 ዶላር የተሸጠውን የስታር ዋርስ መርከብ 7,541 ቁራጭ ባለው የበለጠ ትልቅ ሥራ ተካው። በአሮጌዎቹ ላይ የተኙ ሰዎች ዋጋው ሲወርድ አዩ። አቤት የሚሉበት ቦታ አልነበረም፤ ኩባንያው የሸጠላቸው መጫወቻ ነው እንጂ አክሲዮን አይደለም።

የቶልኪን ዓለምም ተመልሷል። በ2023 የኤልፎች መኖሪያ የሆነችው ሪቨንዴል በ6,167 ቁራጭ በ500 ዶላር፣ በ2024 ደግሞ የሳውሮን ግንብ ባራድ ዱር በ5,471 ቁራጭ በ460 ዶላር ወጡ። ሁለቱም ሳጥኖች ላይ «ከ18 ዓመት በላይ» የሚል ተጽፎባቸዋል። ኩባንያው ገዢው ማን እንደሆነ አውቋል። በ2019ም ሰብሳቢዎች አሮጌ ሌጎ የሚገበያዩበትን ብሪክሊንክ የተባለ ትልቅ የኢንተርኔት ገበያ ገዝቷል። ስለዚህ አምራቹ የሁለተኛው ገበያ ዋጋ የትኛው ዕቃ ላይ እንደናረ በቅርብ ያያል። የሚሞቀውን ዕቃ እንደገና ለማውጣት የሚያግደው የለም።

እንግዲህ የዛሬው ገዢ የሚመስለው የ1977ን ልጅ ነው ወይስ የ1999ን ሰልፈኛ? ዕቃው የተሠራው ለሚያስቀምጥ ጎልማሳ ነው። ገዢው ትርፍ እንዳለ አስቀድሞ አንብቧል። በየቤቱ ያልተከፈተ ስንት ሳጥን እንዳለ የሚቆጥር የለም፤ የሚታወቀው ሁሉም በአንድ ጊዜ ለመሸጥ ሲወጣ ነው። ምልክቶቹ ወደ 1999 ያመለክታሉ።

ይህ ማለት ማንም አያተርፍም ማለት አይደለም። በ2013 የሳሩማንን ግንብ ገዝቶ የያዘ አትርፏል። ያተረፈው ግን ብዙ ሰው ግንቡን ከፍቶ ስለገጣጠመውና እሱን የሚመስሉ አስቀማጮች ጥቂት ስለነበሩ ነው። የጡረታ ገንዘብን በእንዲህ ያለ ሳጥን ውስጥ ማኖር፣ የሌሎች ልጆች መጫወቻቸውን ይሰብራሉ በሚል ተስፋ መቁጠብ ነው። ሳጥኑን የሚገዛ ሰው ዋጋው ቢወድቅ እንኳ ከፍቶ ሊደሰትበት የሚችለውን ይግዛ። ያን ጊዜ የቢሉንድ ፋብሪካ ነገ ምንም ቢያመርት የሚጎድልበት ነገር የለም።