በአሮጌ ጠበንጃ ላይ የተጻፈ ታሪክ

ታሪክ የሚጻፈው በብራናና በወረቀት ብቻ አይደለም፤ በድንጋይም በብረትም ይጻፋል። የጥንት ብራና የሚመረምር ሰው መጀመሪያ የጻፈው ማን እንደ ሆነ፣ ኋላ ያረመው ማን እንደ ሆነ፣ ፍቆ በላዩ ሌላ የጻፈበትም ማን እንደ ሆነ ለይቶ ማወቅ አለበት። አሮጌ ጠበንጃ የሚመረምር ሰውም እንዲሁ ሦስት እጆችን መለየት ይገባዋል፤ እነዚህም መጀመሪያ የሠራው ፋብሪካ እጅ፣ ቀጥሎ የለወጠው መንግሥት እጅ፣ በመጨረሻም የያዘው ባለቤት እጅ ናቸው። ይህን ሳይለይ ስለ ጠበንጃው የሚናገር ሰው ይሳሳታል፤ ሳይለይ የሚተኩስ ግን ሕይወቱን እስከ ማጣት ይደርሳል።

በ19ኛው መቶ ዓመት የአውሮፓ መንግሥታት አዲስ ጠበንጃ ባወጡ ቍጥር አሮጌው በየግምጃ ቤቱ ይከመር፣ ከዚያም በነጋዴ እጅ እየተሸጠ ባሕር ይሻገር ነበር። ኢትዮጵያም ነፃነቷን ለመጠበቅ መሣሪያ ትሻ ስለ ነበር ከዚህ ክምር ብዙ ደረሳት። የሕዝቡም አንደበት የባዕዱን ስም ወደ ራሱ አነጋገር መልሶ አስቀረው። እንግሊዞች በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲዘምቱ የያዙት ስናይደር «ስናድር» ተባለ። ግራ የተባለው የፈረንሳይ መኰንን ያወጣው፣ በቋንቋቸው «ፉዚ ግራ» የሚሉት «ውጅግራ» ሆነ። የኦስትሪያው ማንሊኸር «ምንሽር»፣ ከቤልጅግ አገር የመጣውም «በልጅግ» ተብሎ ቀረ። ፎካሪው የባዕዱን መኰንን ከቶ ሳያውቀው፣ ስሙን ከራሱ ጀግንነት ጋር አያይዞ ያነሣው ነበር።

ይሁን እንጂ ስም ብቻውን አይበቃም፤ ከአንዱ መርከብ የሚወርደው ነፍጥ ሁሉ እኩል አልነበረምና። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርቱር ራምቦ የጦር መሣሪያ ነጋዴ በሆነበት ዘመን፣ በ1878 ዓ.ም. ለቤተ ሰቡ በጻፈው ደብዳቤ የንግዱን ምሥጢር ሳይሸሽግ ገልጿል። ከአገልግሎት ከወጡ 40 ዓመት የሆናቸው አሮጌ ጠበንጃዎች በልዬዥ ወይም በፈረንሳይ አገር እያንዳንዳቸው በ7 ወይም በ8 ፍራንክ ይገዛሉ፤ ለሸዋው ንጉሥ ለምኒልክ ግን እስከ 40 ፍራንክ ድረስ ይሸጣሉ። ራምቦ በ1879 ዓ.ም. ዕቃውን ይዞ እንጦጦ በደረሰ ጊዜ ትርፉ እንዳሰበው አልሆነለትም። በ1880 ዓ.ም. ንጉሥ ምኒልክ ከኢጣልያ ጋር ውል ሲያደርጉ የተወሰነላቸው 5,000 ሬሚንግተን ነበር፤ ይህም በኋላው የሚጐርስ፣ የግብጽ ወታደሮች በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራዕ ድል ሲሆኑ ጥለውት የሄዱት ዓይነት ነው። እንግዲህ ነፍጥን ከነፍጥ መለየት የጨዋታ ነገር ሳይሆን የመንግሥት ጕዳይ ነበር።

ሁለተኛውን እጅ ማወቅ ከዚህ ይልቅ ይረቃል። ስናድር ራሱ እንደ አዲስ የተፈጠረ አይደለም፤ እንግሊዞች በፈረንጅ ዓመት 1853 ያወጡትን፣ በአፈ ሙዙ የሚጐርሰውን ኤንፊልድ፣ ጃኮብ ስናይደር የተባለ አሜሪካዊ ባመጣው ዘዴ በ1866 የኋላውን ቈርጠው ወደ ጎን የሚከፈት መዝጊያ ገጠሙለት። ውጅግራም ሥሩ ሌላ ነው። ሻስፖ የሚባለው የ1866 ጠበንጃ በወረቀት የተጠቀለለ ጥይት ይጐርስ ነበር፤ ግራ በ1874 በናስ ቀለህ እንዲተኩስ አሻሻለው፤ ብዙ ሻስፖዎችም ተለውጠው ውጅግራ ሆኑ።

የኢጣልያው ቬተርሊ ግን ከሁሉ ያስደንቃል። በ1870 ሲወጣ አንድ ጥይት ብቻ የሚጐርስ፣ የአፉ ስፋት 10 ሚሊሜትር ከሢሶ ያህል የሆነ ነበር። በ1887 አራት ጥይት የሚይዝ ካዝና ተጨመረለት። ኢጣልያ በ1891 ካርካኖ የተባለ አዲስ ጠበንጃ ብታወጣም፣ በ1888 ዓ.ም. ወደ ዓድዋ የመጡት ወታደሮቿ በብዛት የያዙት ይህንኑ አሮጌ ቬተርሊ ነበር። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት፣ በ1915፣ መሣሪያ ባነሰ ጊዜ ደግሞ ቱቦውን አስፍተው በውስጡ ሌላ ቀጭን ቱቦ ከተቱበት፤ ስለዚህ የካርካኖን ባለ 6.5 ሚሊሜትር ጥይት የሚተኩስ ሆነ። ይህ ጠበንጃ እንደ ቅኔ ነው፤ ሰሙ የ1870፣ ወርቁ የ1915። ሰሙን ብቻ ያየ ሰው አሮጌውን ትልቅ ጥይት ሊያጐርሰው ይሞክራል፤ ወርቁን ብቻ ያየ ደግሞ መዝጊያው ለጥቍር ባሩድ የተሠራ መሆኑን ይዘነጋል፤ ጭስ የሌለው አዲሱ ባሩድ የሚያመጣውን ግፊት መዝጊያው ቢያቅተው ጕዳቱ በተኳሹ ፊት ላይ ይሆናል።

ሦስተኛው እጅ የባለቤቱ ነው። የኢትዮጵያ ባላገር ሰደፉ በተሰነጠቀበት ጊዜ እርጥብ ጥሬ ቆዳ ይሰፋበት ነበር፤ ቆዳውም ሲደርቅ ተኰማትሮ እንጨቱን እንደ ብረት ቀለበት ይይዘዋል። የተተኰሰው ቀለህ አይጣልም፤ ባሩድና እርሳስ እንደ ገና ይሞላበታል። የውጅግራ ጥይትማ በብዙ ገበያ ከብር በታች እንደ ዝርዝር ገንዘብ ሲመነዘር ኖሯል።

በአሜሪካ አገር ደግሞ ይህ ሦስተኛ እጅ ሌላ ጠባይ ነበረው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የብዙ መንግሥታት ትርፍ ጠበንጃ በርካሽ በተሸጠ ጊዜ፣ የገዛው ሰው ሁሉ በቤቱ ሆኖ ለአደን ይመቸኝ ሲል እንጨቱን ይቈርጥ፣ ቱቦውን ያሳጥር፣ ለመነጽር ማሰሪያ ብረቱን ይበሳ፣ ማኅተሙንም በሞረድ ይፍቅ ነበር። በዚያን ጊዜ ጠበንጃው ብዙና ርካሽ ስለ ነበር ማንም አልተቈጨም፤ ዛሬ ግን ሰብሳቢዎች ያልተነካውን በብዙ ገንዘብ ይሻሉ፤ የተፋቀውን ማኅተም ግን ገንዘብ አይመልሰውም።

ነገሩ ኢትዮጵያን በቅርብ ይነካታል። ከ2010 ዓ.ም. በኋላ ባሉት ዓመታት በኢትዮጵያ ግምጃ ቤቶች የቆዩ አሮጌ ጠበንጃዎች ወደ አሜሪካ ተሻግረው ለሰብሳቢዎች ተሽጠዋል፤ ውጅግራም፣ በ1915 የተለወጠው ቬተርሊም በመካከላቸው ተገኝቷል። በ1968 የወጣው የአሜሪካ ሕግ በፈረንጅ ዓመት ከ1899 በፊት የተሠራውን እንደ ጥንታዊ ዕቃ ስለሚቈጥር፣ የሥራውን ዓመት ማወቅ በዚያ አገር የሕግ ነገር ጭምር ነው።

አዋቂው መርማሪ የሚሄድበት መንገድ ይህ ነው። መጀመሪያ የፋብሪካውን ስምና ዓመቱን ያነባል፤ በውጅግራ ላይ ሴንት ኤቲየን የሚለው ጽሕፈት ከ1874 ጋር ይገኛል። ቀጥሎ በመዝጊያውና በቱቦው ላይ ያለውን ቍጥር ያስተያያል፤ ቍጥሩ ከተለያየ የሁለት ጠበንጃ አካል በአንድ ተገጥሟል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የአፉን ስፋት በመለኪያ ይለካል እንጂ በዓይን አይገምትም፤ የውጅግራ 11፣ የሩሲያው በርዳን ከ11 ጥቂት ያነሰ፣ የቬተርሊም ከዚያ ያነሰ ነውና፤ በመካከላቸው አንድ ሚሊሜትር እንኳ የለም። ጥይቱ የሚያርፍበትን ጕድጓድ መልክ ለማወቅ የቀድሞ ባለሙያዎች ዲን አቅልጠው በማፍሰስ ቅርጹን ያወጡ ነበር። ይህ ሁሉ እስኪፈጸም ድረስ ሞረድም መጋዝም ከእጁ ይራቅ።

ጥሬ ቆዳ የተሰፋበትን ሰደፍ አንድ ሰው ለውበት ሲል ፈትቶ በአዲስ እንጨት ቢለውጠው ጠበንጃው ያምር ይሆናል። የልዬዥ ነጋዴ፣ የኢጣልያ ግምጃ ቤት ስም በመዝገብ ይገኛል፤ ያንን ቆዳ የሰፋው ባላገር ግን ስሙ በአንድም መዝገብ የለም። ለእርሱ የቀረለት ጽሕፈት የመርፌው ፈለግ ብቻ ነውና፣ ያገኘው ሁሉ ሊያነበው እንጂ ሊፍቀው አይገባም።