የወለጋ ድምፅ የተሻገረባት ሽቦ

በነቀምቴ በስልክ ሚሞሪ እየተጫነ የሚሸጠው የድሮ ዘፈንና መዝሙር አብዛኛው ታፍኖ ነው የሚሰማው። በአንድ ጆሮ ብቻ የሚመጣ አለ፤ ዘፋኙ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ የሚሰነጠቅ አለ፤ ከሥሩ የማያቋርጥ ጉርምርምታ ያለበትም አለ። ሰው ጥፋቱን በካሴቱ ያሳብባል፤ «አርጅቶ ነው» ይላል። እኔ ሥራዬ የቴፕና የማጉያ ጥገና ስለሆነ ካሴቶቹ ራሳቸው እጄ ይገባሉ። ከፍቼ ስሰማቸው ብዙዎቹ ስልክ ላይ ካለው ቅጂ እጅግ የጠሩ ናቸው። ድምፁ የተጎዳው ከቴፕ ወደ ኮምፒውተር ሲሻገር፣ በአንዲት ሽቦና በአንዲት ቀዳዳ ላይ ነው። ይህ ነገር ስለሚያንገበግበኝ ድምፃችን እስከዚያች ሽቦ የመጣበትን መንገድ ከመነሻው ላንሳ።

ወለጋ የቃል ሀብቱን ተይዞ ያገኘው መጀመሪያ በወረቀት ላይ ነው። አስቴር ጋኖ 500 ያህል የኦሮምኛ ተረት፣ እንቆቅልሽ፣ ምሳሌያዊ አነጋገርና ዘፈን ከትዝታዋ እየለቀመች ጻፈች፤ ከእነዚህ የተወሰኑት ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋር ባዘጋጀችው የንባብ መጽሐፍ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1894 ምጽዋ አጠገብ ባለችው ምንኩሉ ታተሙ። ኦነሲሞስም እ.ኤ.አ. በ1904 ነቀምቴ ገብቶ ማስተማር ሲጀምር መጽሐፎቹ አብረውት መጡ። ወረቀት ግን ቃሉን እንጂ ዜማውን አይዝም። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ እ.ኤ.አ. ከ1908 እስከ 1910 ጀርመን በቆዩበት ጊዜ በርሊን ላይ ድምፃቸውን በሸክላ ሲያስቀርጹ፣ የወለጋ የጀግንነት ዘፈን፣ ጌራርሳ፣ ገና ከአፍ ወደ ጆሮ ብቻ ነበር የሚሄደው።

1955 ዓ.ም. ለእኛ አካባቢ ትልቅ ዓመት ነው። በየካቲት የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ያቋቋመው የብስራተ ወንጌል ሬዲዮ ከአዲስ አበባ ሥርጭቱን ጀመረ። በነሐሴ ደግሞ ፊሊፕስ ኩባንያ በርሊን በተከፈተው የሬዲዮ ኤግዚቢሽን ላይ ትንሿን ካሴት ለዓለም አሳየ። መካነ ኢየሱስ በወለጋ ሥር የሰደደች የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ናትና ብስራተ ወንጌል እኛ ዘንድ ቤተኛ ሆነ። መብራት በሌለበት ቀበሌ ሁሉ ሬዲዮው በባትሪ ድንጋይ ይሠራ ነበር፤ ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ይሞቅና ጥቂት ቀን ይጨምር ነበር። ደርግ ጣቢያውን በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ወርሶ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ አደረገው። በወለጋ ብዙ አብያተ ክርስቲያናትም ተዘጉ። የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ታፍነው ተገደሉ።

ካሴት ዋጋው የታወቀው ሬዲዮው ተወርሶ ቤተ ክርስቲያን በተዘጋበት በዚያ ጊዜ ነው። አምሃ እሸቴ ከ1961 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ አበባ ያሳተማቸው ሸክላዎች ድንቅ ነበሩ፤ ለገጠር ግን ሸክላ የሩቅ ነገር ነበር፤ የማጫወቻውም ዋጋ አይቀመስም ነበር። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሸክላ ያሰማል እንጂ አይቀዳም። ካሴት ይቀዳል። ቀይዋን ቁልፍ ከማጫወቻው ቁልፍ ጋር አብሮ መጫን የሚችል ሰው ሁሉ ቀራጭ ሆነ። የሠርግ ዘፈን፣ የለቅሶ እንጉርጉሮ፣ የሽማግሌ ጌራርሳ፣ የቤት ውስጥ ጸሎትና መዝሙር፣ አዲስ አበባ ላለ ልጅ የተላከ የእናት ሰላምታ፣ ሁሉም 3.81 ሚሊ ሜትር ስፋት ባላት ቡናማ ክር ላይ ገባ። ክሯ በሴኮንድ 4.76 ሳንቲ ሜትር ብቻ ትጓዛለች። በዚያች ጠባብ መንገድ ላይ ያን ያህል ሕይወት መያዙ እስከ ዛሬ ይደንቀኛል።

ከጊምቢ፣ ከነጆ፣ ከመንዲ፣ ከደምቢዶሎ፣ ከሻምቡ የሚመጣ ነጋዴ ነቀምቴ ሲደርስ ሙዚቃ ቤት ይገባና ባዶ ካሴት ሰጥቶ ያስቀዳ ነበር። ባንኮኒው ላይ ሁለት የካሴት ዴክ ጎን ለጎን ተቀምጦ አንዱ ያጫውት፣ አንዱ ይቀዳ ነበር። ከቅጂ ቅጂ ሲወሰድ ከሥሩ የሚሰማው ሽሽታ እየጨመረ ይሄዳል፤ ስለዚህ ደንበኛ «ከዋናው ነው?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። ወለጋ በፍቅር የሚሰማው ድምፃዊ ኢብሳ አዱኛ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1996 አዲስ አበባ ላይ ሲገደል፣ ቤቱ ካሴቱን የያዘ ሰው ምን እንደያዘ ገባው። አዲስ አበባ የተቀረጹ የ1960ዎቹ ዘፈኖች ከዋና ቅጂያቸው ተነሥተው ኢትዮፒክስ በተባለው የፈረንሳይ ተከታታይ አልበም እንደገና ወጥተዋል። ቤት ውስጥ ለተቀዳ ጌራርሳ ግን ዋና ቅጂው ያቺው አንዲት ካሴት ናት።

ከዚያ ኮምፒውተር መጣ። ከጀርባው ሦስት ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉት፤ ሮዝ፣ ውሃ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ። ይህ ቀለም እ.ኤ.አ. ከ1999 ወዲህ የተለመደ ነው። አረንጓዴው ለስፒከር ነው። ሮዙ የማይክ ነው፤ ከማይክ የሚመጣው ድምፅ ጥቂት ሚሊ ቮልት ብቻ ስለሆነ ኮምፒውተሩ ውስጥ ድምፅ የሚያስተናግደው ሳውንድ ካርድ ብዙ እጥፍ ያጎላዋል፤ በብዙ ካርድ ላይ ደግሞ አንድ ጆሮ ብቻ ነው። ሰማያዊው ላይን ኢን ይባላል፤ ዴክ የሚያወጣውን፣ ማለትም የአንድ ቮልት ሲሶ ገደማ የሚሆነውን ድምፅ፣ እንዳለ ይቀበላል። ዴክ በሮዙ ሲሰካ የገባው ድምፅ ካርዱ ከሚችለው እጅግ ስለሚበልጥ ጫፍ ጫፉ ይቆረጣል፤ ስንጥቃቱ ከዚያ ነው። የፕሮግራሙን ድምፅ ዝቅ ማድረግ አያድነውም፤ ቀድሞ ተቆርጧልና። ላፕቶፕ ሲመጣ ነገሩ ባሰ፤ ብዙው ሰማያዊ ቀዳዳ የለውም። ሙዚቃ ቤቶች በያዙት ዕቃ ሠሩ፤ የተቀዳው ወደ ኤምፒ3 ተጨመቀ፤ በፍላሽና በሚሞሪ ከከተማ ከተማ ሄደ። በ2012 ዓ.ም. ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ መጋቢት በምዕራብ ኦሮሚያ ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ ሳለ ድምፅ ከሰው ወደ ሰው በሚሞሪ ይዘዋወር ነበር። የተሰነጠቀው ቅጂ እንዲህ እየበዛ ዋናው መሰለ። ልጆች የአያታቸው ዘመን ድምፅ ያው ነው ብለው አደጉ።

የጉርምርምታውም ምክንያት ግልጽ ነው። የእኛ መብራት በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ነው። ዴኩ በአንድ ሶኬት፣ ኮምፒውተሩ በሌላ ሶኬት ሲሰካ የሁለቱ መሬት ሽቦ በድምፅ ኬብሉ በኩል ይገናኛል፤ በዚያ ዙር የሚያልፈው ጥቂት ኤሌክትሪክ ዘፈኑ ውስጥ ይገባል። ሁለቱን በአንድ ማከፋፈያ ላይ መሰካት፣ ላፕቶፕ ከሆነም ቻርጀሩን ነቅሎ በባትሪ መቅዳት አብዛኛውን ጊዜ ያጠፋዋል። አንዳንድ ሰው የመሬቱን ሽቦ ይቆርጣል። ይህ ሰው የሚገድል ሥራ ነው፤ ባየሁ ቁጥር እቆጣለሁ።

ቀጥሎ ዲጂታል የሚሉት መንገድ መጣ። አንድ የመዝሙር ክፍል ፕሪአምፕ አገኘ፤ ከዴኩ የሚመጣውን ድምፅ ራሱ ወደ ቁጥር ቀይሮ በዲጂታል መውጫ የሚልክ ነው። ቁጥር ሽሽታ አይጨምርም፣ ጉርምርምታም አይነካውም፤ በተለይ በብርሃን ኬብል ሲሄድ ሁለቱን ዕቃዎች የሚያያይዝ መዳብ ስለሌለ የመሬቱ ዙር ይቆማል። የመዝሙር ክፍሉ ልጆች ሰኩት። ምንም የለም፤ ዝም። ጠሩኝና ሄድኩ።

መጀመሪያ ያየሁት ብርሃኑን ነው። ኬብሉን ከኮምፒውተሩ በኩል ስነቅለው ጫፉ ላይ ቀይ ብርሃን የለም። ከፕሪአምፑ መውጫ ውስጥ ፋብሪካው የሚሰካት አቧራ መከላከያ ጥቁር ፕላስቲክ ገና አልወጣችም፤ ኬብሉ በግድ በላይዋ ተገፍቶ ነበር። ወጣች፤ ቀዩ ብርሃን መጣ። አሁንም ዝም። የኮምፒውተሩን ቀዳዳ ሳየው ካርዱ ዲጂታል ድምፅ ያወጣል እንጂ አይቀበልም፤ መውጫ ከመውጫ ጋር ነው የተገናኘው። ኮምፒውተር ውስጥ ተሠርተው የሚመጡ ካርዶች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። ዲጂታል መግቢያ ያለው ካርድ ተገኝቶ ሲገባ፣ በፕሮግራሙ ላይ መግቢያው ከማይክ ወደ ዲጂታል መቀየር ነበረበት፤ ካርዱ በራሱ አይመርጥም። ያን ጊዜ መዝሙሩ መጣ፤ ግን በየጥቂት ሴኮንዱ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል።

ይህ ጠቅታ የሰዓት ጉዳይ ነው። ዲጂታል ድምፅ በሴኮንድ የሚቆጠር ቁጥር ነው፤ በሲዲ 44,100፣ በቪዲዮ ሥራ ደግሞ 48,000። ፕሪአምፑ በራሱ ሰዓት እየቆጠረ ይልካል፣ ካርዱ በራሱ ሰዓት እየቆጠረ ይቀበላል፤ ሁለቱ በቅንጣት እንኳ ከተለያዩ አንድ ቁጥር ይተርፋል ወይም ይጎድላል፣ እዚያ ላይ ጠቅ ይላል። ሁለት ከበሮ መቺ እርስ በርስ ሳይተያዩ እንደመምታት ነው። መፍትሔው ካርዱ የራሱን ሰዓት ትቶ ከውጭ የሚመጣውን እንዲከተል ማዘዝ ነው። ካዘዝኩት በኋላ መዝሙሩ ጠርቶ ፈሰሰ።

አንድ ነገር ቀረ፤ ለእኔ ከሁሉ የሚያስፈራው እሱ ነው። ፕሪአምፑ 48,000 እየላከ ፋይሉ 44,100 ተብሎ ከተመዘገበ ድምፁ አይሰነጠቅም፣ ጠቅ አይልም፤ ጤነኛ ይመስላል። ግን ከ100 በ8 እጅ ያህል ይዘገያል፣ ቅኝቱም ከአንድ ሙሉ ድምፅ ጎደል ብሎ ይወርዳል። የ60 ደቂቃ ካሴት ከ65 ደቂቃ በላይ ይሆናል። የሴቷ ድምፅ ይወፍራል፣ የክራሩ ቅኝት ይቀየራል፣ ሰሚውም አያውቅም። የተሰነጠቀ ቅጂ መጎዳቱን ራሱ ይናገራል፤ ይኸኛው ዝም ብሎ ይዋሻል። ስለዚህ ከመቅዳቴ በፊት የካሴቱን ርዝመት በሰዓት እለካለሁ፣ ከፋይሉ ርዝመት ጋር አስተያያለሁ።

እውነቱን ለመናገር ዲጂታል ሽቦ ያለው አይኩራ፣ የሌለውም አይዘን። በሰማያዊው ቀዳዳ፣ በደህና ኬብል፣ በልኩ የተቀዳ ካሴት በዲጂታል ከተቀዳው ጋር ብዙ ልዩነት የለውም። ከሽቦው በፊት ያለው ይበልጣል። የዴኩ ራስ በአልኮልና በጥጥ መጽዳት አለበት። ከራሱ ጎን ያለችው ትንሽ ብሎን ደግሞ የራሱን ዘንበል ታስተካክላለች፤ ቤት የተቀዳ ካሴት የቀዳው ቴፕ ዘንበል ምን እንደነበር በራሱ ይዟል። በትንሽ መፍቻ ብሎኗን በጣም በቀስታ እያዞርኩ የዘፋኟን «ስ» እና «ሽ» እከተላለሁ፤ ፊደሎቹ ስለት ያወጡበት ቦታ ላይ አቆማለሁ። ይህን ለእያንዳንዱ ካሴት አደርጋለሁ። ሽሽታውን በፕሮግራም አላጠፋም፤ ሽሽታው ሲጠፋ የትንፋሹም ጫፍ አብሮ ይሄዳል። ያልተነካው ቅጂ እንዳለ ይቀመጣል፣ ለማድመጥ የሚሆን ሌላ ይወጣለታል።

አሁን የሚያስቸግረኝ ዴክ ነው። ውስጡ ያለው የላስቲክ ቀበቶ እንደ ሬንጅ ይቀልጣል፤ ልኩ የሚገኘውም ከአሮጌ ዴክ እየተፈታ ነው። ቤቱ ካሴት ያለው ሰው ካሴቱን ለመሞከር ብሎ በተገኘው ቴፕ ውስጥ አያስገባው፤ በቀለጠ ቀበቶ የሚሠራ ቴፕ ክሩን ይበላል። በመስኮቷ በኩል ነጭ ሻጋታ ከታየ ጨርሶ አይጫወት፤ እንዳለ ይዞ መምጣት ነው። ሲመጣም የሚዘፍነው ማን እንደሆነ፣ የማን ሠርግ እንደሆነና የት እንደተቀዳ ከሚያውቅ ሰው ተጠይቆ ወረቀት ላይ ተጽፎ ይምጣ፤ ክሩን እኔ ላድነው እችላለሁ፣ ስሙን ግን ከክሩ ላይ አላነበውም።