ሞግዚትና ተያዥ

ቤት የለወጠ ሰው ዕቃውን በአንድ ቀን አጓጉዞ ይጨርሳል፤ ልጁን አምኖ የሚተውለትን ሰው ግን በአንድ ቀን አያገኝም። ይህ ጭንቀት ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ ባሉት አዳዲስ ሰፈሮች፥ በገርጂ፥ በሰሚት፥ በአያትና በቦሌ አራብሳ፥ በየቤቱ የሚሰማ ስለ ሆነ፥ ከየት እንደ መጣ በታሪክ መንገድ ጥቂት ለማስረዳት አሰብን።

ሞግዚት የሚለው ቃል በአገራችን የከበረ ቃል ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1901 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱን አልጋ ወራሻቸው አድርገው ባሳወቁ ጊዜ ራስ ተሰማ ናደውን ሞግዚት አድርገው ሾሙላቸው፤ ራስ ተሰማም በ1903 ዓ.ም. እስኪሞቱ ድረስ በዚህ ኀላፊነት ቆዩ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም አካለ መጠን ላላደረሰ ልጅ የገንዘብ ጥቅሙን የሚጠብቅለትን ሰው ሞግዚት ይለዋል። ጣልያን በተባበሩት መንግሥታት ስም ሶማሊያን ከ1942 እስከ 1952 ዓ.ም. ባስተዳደረች ጊዜም ነገሩ በአማርኛ የሞግዚት አስተዳደር ተባለ። እንግዲህ በቃሉ ውስጥ ያለው ሐሳብ አደራ ነው። ይኸው ቃል ሕፃን አዝላ ለምታባብል ልጃገረድ ሲነገር ክብሩ ዝቅ ይላል፤ አደራው ግን ቅንጣት አያንስም።

በቀድሞ ዘመን ሞግዚት ፍለጋ መውጣት እምብዛም አይታወቅም ነበር። በባላገር ቤት አያት፥ አክስት፥ ታላቅ እኅት ልጁን ይዛ ታሳድጋለች፤ እነዚህም ቢታጡ «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ይባላል። በመኳንንቱና በባለጸጎቹ ቤት ደግሞ ልጅ ከሚያሳድጉት መካከል ባሪያዎችም ነበሩ። እነዚያ ሴቶች የሰውን ልጅ በፍቅር ሲያሳድጉ የራሳቸውን ልጅ በነፃነት ለማሳደግ መብት አልነበራቸውም። ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተሻረው በነሐሴ ወር 1934 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ነው።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ሕዝቡ ከየአገሩ እየመጣ ሰፈረ። እዚህም የማይተዋወቁ ሰዎች ጎረቤት ሆኑ። ስለዚህ ሠራተኛ የሚቀጥር ሰው ተያዥ መጠየቅን ልማድ አደረገ። ተያዥ ማለት «ይህችን ልጅ አውቃታለሁ፤ ብታጠፋ በእኔ ይሁን» ብሎ የሚቆም ሰው ነው። በመንደር ሳይነገር የታወቀው መተማመን በከተማ በሰው ምስክርነት ተተካ ማለት ነው።

የቦሌም ነገር ከዚህ ይቀጥላል። የልደታ አውሮፕላን ማረፊያ ለጄት አውሮፕላን የማይበቃ ስለ ሆነ፥ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1955 ዓ.ም. በጄት መብረር ሲጀምር ሥራው ወደ ቦሌ ተዛወረ። በ1950 ዓ.ም. የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን፥ በግንቦት ወር 1955 ዓ.ም. ደግሞ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በከተማችን ተመሠረቱ፤ ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ባለሥልጣኖችም ከነቤተ ሰባቸው ተቀመጡ። ለእነዚህ እንግዶች የምትሠራ ሞግዚት ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ስትሄድ የቀድሞ አሠሪዋ የጻፈላትን የምስክር ወረቀት ይዛ ትቀርብ ነበር። ተያዡ አሁን ወረቀት ሆነ።

በ1990ዎቹ መጨረሻ በገርጂ በሙከራ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤት ሥራ እየሰፋ ሲሄድ ደግሞ ጎረቤትን የሚመርጠው ዕጣ ሆነ። ከፒያሳ፥ ከመርካቶ፥ ከአራት ኪሎ የተነሣ ሰው በአንድ ደረጃ ተገናኘ። አያቲቱ በቀድሞው ሰፈር ቀሩ፤ ባልና ሚስት ግን ማለዳ ወደ ሥራ መሄድ አለባቸው። በዚህ ጊዜ የሚጠራው ደላላ ነው። ደላላው ሰው ያገናኛል፤ የሚከፈለው ስላገናኘ ነው እንጂ ስለ አደራው አይደለም።

እስከ አሁን የተናገርነው ሁሉ ስለ ቀጣሪው ጭንቀት ነው። ነገር ግን ከጎጃም ወይም ከወሎ በአውቶቡስ የመጣችው ልጅ ከእኛ ይልቅ ሩቅ መንገድ የተጓዘች፥ ከእኛ ይልቅ ዘመድ የሌላት ናት። እኛ ለእርስዋ ተያዥ እንጠይቃለን፤ ለእኛስ ለእርስዋ ተያዥ የሚሆን ማን ነው? ይህን ጥያቄ የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ራሱ ያስታውሰናል። ብዙ ሺህ እኅቶቻችን የሰው ልጅ ለማሳደግ ወደ ቤይሩትና ወደ ሪያድ የተነሡት ከዚያ ነው። መንግሥት በጥቅምት ወር 2006 ዓ.ም. ለሥራ ወደ ውጭ መሄድን ለጊዜው ካገደ በኋላ፥ ከሳዑዲ ዓረቢያ እንዲወጡ ከተደረጉት ወገኖቻችን ከ160,000 የሚበልጡት በጥቂት ወራት ውስጥ ተመለሱ። በባዕድ አገር ስለ ደረሰባቸው በደል አዝነናል፤ ተቈጥተናልም። ቍጣችን እውነተኛ የሚሆነው በራሳችን ጓዳ ያለችውን ስናይ ነው።

ሕጉ ምን ይላል ብንል፥ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሠራተኛው ከአሠሪው ቤት የሚኖር እንደ ሆነ አሠሪው ለጤናውና ለመልካም ጠባዩ እንዲጠነቀቅ ያዛል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ግን የቤት ውስጥ የግል አገልግሎትን ከራሱ አውጥቶ፥ ዝርዝሩን የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ እንዲወስነው ተወው። ለእናቶች ደግሞ በ2010 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ በመሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲቋቋም ደንግጓል። ይህ በየመሥሪያ ቤቱ በሚገባ ቢፈጸም የብዙ ቤት ጭንቀት በቀለለ ነበር።

ሕግ የማይደርስበትን ግን ልማድ ሊሞላው ይችላል። አዲስ ሰፈር የገባ ሰው አስቀድሞ ዕድር ይግባ፤ ሞግዚትም በሚያውቀው ሰው በኩል ይፈልግ። ባገኘም ጊዜ ደመወዝዋን፥ የዕረፍት ቀንዋን፥ የመኝታዋንም ስፍራ በጽሑፍ ይስማማ፤ የቤቱን አድራሻና የስልኩን ቍጥር ለወላጆችዋ ያሳውቅ፤ የማታ ትምህርት ብትሻም አይከልክላት። ልጁን ለእርስዋ አደራ የሰጠ ሰው እርስዋንም ከእናትዋ በአደራ ተቀብሎአል። አደራ ሁለት ወገን አለውና፥ ተያዥም ለሁለቱ ወገን ይሁን እንላለን።