እሪ በከንቱ እንዳይሆን

በአዲስ አበባ፣ በአራዳ፣ ከፒያሳ ወረድ ብሎ ያለው የጥንት ሰፈር እሪ በከንቱ ይባላል። በቀድሞ ዘመን በዚያ ገደላማ ስፍራ ወንበዴ የገጠመው ሰው እሪ ቢል የሚደርስለት ስላልነበረ ነው ይባላል። ይህን ስም ስሰማ ትዝ የሚለኝ የእርሻችን አፈር ነው።

ጭንጫ መሬት በሙያው ቋንቋ ሌፕቶሶል ይባላል። አለቱ ከ25 ሳንቲ ሜትር ባነሰ ጥልቀት የሚገኝበት ወይም ጠጠርና ድንጋይ የበዛበት ስስ አፈር ነው። በዓለም ላይ ከአፈር ዓይነቶች ሁሉ ሰፊውን ቦታ የያዘ ሲሆን፣ በአገራችንም በሰሜን ሸዋ፣ በወሎ፣ በጎንደርና በትግራይ ተዳፋት ቦታዎች በብዛት ይገኛል። እርጥበት ስለማይዝ ዝናብ ጥቂት ቢዘገይ ሰብሉ ይጠወልጋል።

ይሁን እንጂ ጭንጫ ሁሉ ከጥንት ጭንጫ አልነበረም። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ በዙሪያዋ የነበረው ዛፍ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ተጨፍጭፎ አለቀ። ዳግማዊ ምኒልክም ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ነበር። ባሕር ዛፍ ደርሶ የእንጨቱን ችግር አቃለለ። ከተራቆተ ተዳፋት የታጠበ አፈር ግን እንደ ማገዶ በጥቂት ዓመታት አይተካም።

እ.ኤ.አ. በ1981 የተጀመረው የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም በወሎ ማይባር፣ በሰሜን ሸዋ አንዲት ጥድ እና በጎጃም አንጀኒ የሚታጠበውን አፈር ይመዝን ነበር። ከዚህ ሥራ በወጣው ግምት መሠረት በአገራችን ከሚታረስ መሬት በአማካይ በዓመት ከአንድ ሄክታር 42 ቶን አፈር ይታጠባል። ይህም 4 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ነው። በዚህ ስሌት የ25 ሳንቲ ሜትር አፈር ከ60 ዓመት ብዙም አያልፍም፤ አያት ያረሰውን የልጅ ልጅ አያርሰውም ማለት ነው።

መፍትሔው እርከን መሆኑ ይታወቃል። አባላት ግን «መሬት ይቀንስብናል፣ አይጥ ያራባብናል» ይሉኛል። ቅሬታው እውነት አለው። በ1970ዎቹ በምግብ ለሥራ የተሠራው እርከን ገበሬው በወጉ ሳይጠየቅ የተሠራ ስለነበረ፣ በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ጊዜ ብዙው ፈርሷል። የኮንሶ ገበሬ ግን በራሱ ደንብ የሠራውን የድንጋይ እርከን ለዘመናት ጠብቆ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት አስመዝግቧል።

ውድ አባላት፣ በብድር የወሰድነው ማዳበሪያ በተራቆተ ተዳፋት ላይ ቢዘራ ጎርፍ ይወስደዋል፤ ዕዳው ግን አብሮ አይሄድም። ስለዚህ በየቀበሌያችን መክረን፣ ስፋቱንና ቦታውን ራሳችን ወስነን፣ እርከኑን በደቦ እንሥራ። አለቱ ከወጣ በኋላ እሪ ብንል በከንቱ ነው።

መልካም የምሥረታ በዓል!