የዓለማየሁ ፎቶግራፍና የጓደኛ ሂስ

የልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስን ፎቶግራፍ አላየሁም የሚል አንባቢ ብዙ ያለ አይመስለኝም። በመጻሕፍት፣ በጋዜጣና በመጽሔት ደጋግሞ ወጥቷል። ፎቶውን ባየን ቁጥር ለልጁ እናዝናለን፣ በመቅደላ እንቆጫለን። ማን አነሳው ብለን ግን አንጠይቅም። ከሚታወቁት ፎቶዎቹ ጥቂቶቹን ያነሳችው ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባለች እንግሊዛዊት ናት። (ስሟ ከካሜራ ጋር መመሳሰሉ እንዲያው አጋጣሚ ነው።) ካሜሮን ፎቶግራፍ በትምህርት ቤት አልተማረችም፣ ፎቶ ቤትም አልነበራትም። 48 ዓመት ሲሆናት፣ በ1863 መጨረሻ ላይ፣ ልጇና አማቿ መዝናኛ ይሁንሽ ብለው ካሜራ ሰጧት። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እንደምጠቅስ ከወዲሁ ልናገር።

ሴትየዋ በአንድ ዓመት ውስጥ የለንደን የፎቶግራፍ ማኅበር አባል ሆነች። ማኅበሩ ውስጥ እንደሷ ለፍቅሩ ብለው የሚያነሱ ሰዎች ሞልተውበታል። ሥራዋን ስታሳያቸው ታዲያ አልማሯትም። ፎከስ የለውም አሉ። ጭረት አለበት፣ የጣት አሻራ ይታያል፣ ዝርክርክ ነው አሉ። ይህንንም በጋዜጣቸው ጻፉት። እሷ ደግሞ በ1864 መጨረሻ ለወዳጇ ለሥነ ፈለኩ ሊቅ ለጆን ኸርሸል በላከችው ደብዳቤ፣ ትክክለኛው ፎከስ የትኛው እንደሆነ የመወሰን መብት ያለው ማን ነው ስትል ጠየቀች። እንደዚያው ደብዘዝ አድርጋ ማንሳቷን ቀጠለች። ዓለማየሁ ካፒቴን ስፒዲ ከሚባለው ሞግዚቱ ጋር እሷ ወደምትኖርበት ወደ ዋይት ደሴት የመጣው በ1868 ሐምሌ ነው። አባቱ በሚያዝያ፣ እናቱ ጥሩወርቅ በግንቦት ሞተውበታል። ዕድሜው 7 ዓመት ነበር።

ሃያሲዎቿ ዋሽተዋል አልልም። የጣት አሻራው እውነትም አለ፤ ዛሬም ሙዚየም ውስጥ ይታያል። እኔን የሚያስገርመኝ ሌላ ነው። ሰው ፊት ለፊት «ሥራሽ ዝርክርክ ነው» የተባለች አማተር በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ፎቶ ይዛ መሄዷ ነው። እኛ ዘንድ ቢሆን ስንቱ ይሄዳል?

ይህን እንዳስብ ያደረገኝ ጊምቢቹ ነው። ጊምቢቹ ከሆሳዕና አለፍ ብላ የምትገኝ፣ በሀዲያ የሶሮ ወረዳ ከተማ ናት። ፎቶ ማንሳት የምንወድ ጥቂት ሰዎች ቅዳሜ ከሰዓት እዚያ ቡና ላይ እንገናኛለን። ነርስ አለች፣ ጡረታ የወጡ መምህር አሉ፣ ገና ሥራ የያዘ ወጣትም አለ። ሁለቱ ካሜራ አላቸው፤ የቀረነው በሞባይል ነው። ለረጅም ጊዜ ሥራችን ማሳየት ብቻ ነበር። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ ሁሉም «ቆንጆ ነው፣ በርታ» ይላል። የለቅሶ ቤት ሰላምታ በለው፤ ከመጀመሪያው ሰው እስከ መጨረሻው ሰው ቃሉ አይለወጥም።

አንድ ቀን ወጣቱ «ለምን እርስ በርስ ሂስ አንሰጣጥም?» አለ። መምህሩ ስኒያቸውን አስቀመጡ።

«ልጄ፣ ያቺን ቃል ተዋት።»

«ለምን ጋሼ?»

«እኔ የማውቃት ከሌላ ቦታ ነው።»

ልጁ አልገባውም፤ በሳቸው ዕድሜ ያለ ሰው ግን ወዲያው ይገባዋል። «ሂስና ግለ ሂስ» ከ1974ቱ አብዮት በኋላ በየመሥሪያ ቤቱና በየቀበሌው የውይይት ክበብ የምትሰማ ቃል ነበረች። መጀመሪያ ላይ መማማሪያ ትመስል ነበር። በቀይ ሽብር ዘመን ግን ከ«ማጋለጥ» ጋር ተጎራበተች። ስብሰባ ላይ ተነስቶ የራስን ወይም የጎረቤትን ጥፋት መናገር እስር ቤት ያስገባ ነበር፤ ከዚያ የባሰም አለ። ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1991 «ግምገማ» መጣች። ከበረሃ ትግል ይዘዋት የገቡት ሰዎች በየቢሮው አስፋፏት። ጠቃሚ ነበረች የሚሉ አሉ፤ ሊሆን ይችላል። እኔ የማውቀው ግን የኔ ዘመን ሰው «እስቲ ልገምግምህ» ሲባል መጀመሪያ የሚያስበው ስለ ደመወዙ መሆኑን ነው። እንግዲህ ይሉኝታችን ከዱሮም የነበረ ነው ብለን በባህል ላይ ብቻ ባናሳብብ ጥሩ ነው። ሰው ዝምታን የተማረው ዋጋ ከፍሎ ነው።

በባህል በኩልማ ከሄድን የቅኔ ቤት ምን ሊባል ነው? የቅኔ ተማሪ ለብቻው ገለል ብሎ ሲያስብ ይውልና፣ የቋጠረውን ይዞ የኔታ ፊት ይቀርባል። ጓደኞቹ ከበው ይሰማሉ። የኔታ ቤቱ አልመታም፣ ግሱ ተሳስቷል፣ ሰሙ አለ ወርቁ ግን የታል እያሉ ያፈርሱበታል፤ መልሰውም ያቃኑለታል። ተማሪው በማግስቱ ሌላ ይዞ ይመጣል። የታረመው ቅኔው እንጂ እሱ እንዳልሆነ ያውቃላ። በኛ የቡና ጠረጴዛ ዙሪያ አብዛኛው ሰው ፕሮቴስታንት ስለሆነ የኔታን የሚያውቃቸው በዝና ነው። ቢሆንም መምህሩ ይህን ሲያጫውቱን ሁሉም ወደደው። «ሂስ» የምትለው ቃል ቀርታ «ወርቁ የታል?» የምትለው ገባች።

ከዚያ በኋላ ከታዩት ፎቶዎች አንዱን ልንገራችሁ። ወጣቱ ያመጣው ነው። አንዲት እናት ጓሮ ውስጥ እንሰት ትፍቃለች። ከኋላዋ ሰፋፊው የእንሰት ቅጠል፣ በመካከሉ የጠዋት ፀሐይ። የለበሰችው ንጹሕ ቀሚስ ነው፤ ነጠላዋም በረዶ ይመስላል። እኛ በለመድነው ጀመርን። ወደ ግራ አዘንብሏል፣ ቅጠሉ ላይ ብርሃኑ በዝቶ ነጥቷል፣ እጇ ተቆርጧል። የካሜሮን ማኅበርተኞች ቢሰሙን ይኮሩብን ነበር። ነርሷ ግን ስልኩን አልመለሰችም።

«እኔ ያደግሁት እናቴ እንሰት ስትፍቅ እያየሁ ነው» አለች። «በዚህ ልብስ የሚፍቅ ሰው አይቼ አላውቅም። ውሃው ነክቶት ይለቃል እንዴ? አልብሰሃት ነው።»

ልጁ ፊቱ ተለዋወጠ። «እኔ አላለበስኳትም። ካሜራውን ስታይ ቤት ገብታ ቀይራ መጣች። ቆይ አለችኝ፣ ቆየሁ።»

«እኔም ብሆን እቀይር ነበር» አሉ መምህሩ።

እዚህ ላይ የፎቶግራፍ ታሪካችን በሙሉ ጠረጴዛው ላይ የተዘረገፈ መሰለኝ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ፣ ቤድሮስ ቦያጂያን የተባለው አርመናዊ መጥቶ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆነ። ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒም ሙያውን ወርሰው ቤተ መንግሥቱን አገልግለዋል። ፎቶ ማለት ተለብሶ፣ ተዘጋጅቶ፣ በክብር የሚቀመጡለት ነገር ሆኖ ነው ወደኛ የገባው። በኋላ ፎቶ ቤት በየከተማው ሲከፈት ያው ልማድ ወረደ። ግድግዳው ላይ የተሳለ መናፈሻ አለ። ለደንበኛ የሚዋስ ኮትና ክራቫት ይሰቀላል። ኔጋቲቩ በእርሳስ ተነካክቶ ጠባሳው ይጠፋል። ሃያሲው ደግሞ ከፋዩ ነበር፦ «እኔን አይመስልም» ካለ አለቀ፣ እንደገና ይነሳል። የሶሮዋ እናት ያደረገችው ይህንኑ ነው። ገበሬም ብትሆን፣ ጓሮዋም ብትሆን፣ ፎቶ ፊት በሥራ ልብስ አትቀርብም።

ነርሷ ግን በዚህ አልረታችም። «እሺ፣ ይሁን። እንግዲያው ‹የእንሰት ሥራ› ብለህ ለምን ታሳየኛለህ? ይሄ የሷ ፎቶ ነው። የሷ ፎቶ ነው በለው፣ ሥራው ደግሞ ሌላ ቀን ይነሳ።»

እስከ ዛሬ ስለ ፎቶ ከሰማሁት አስተያየት ሁሉ ይህን የሚበልጥ ትዝ አይለኝም። ፎቶው ዘመመ ከማለት ይከብዳል፤ ምክንያቱም ያነሳውን ሰው ሐሳብ ይጠይቃል፣ የተነሳችውንም ሴት ያስባል። ይህን ለመናገር እንሰት ሲፋቅ ማየት እንጂ የሌንስ ቁጥር ማወቅ አላስፈለገም። ልጁም አኮረፈ እንዳልል በሳምንቱ ሆሳዕና ወርዶ ፎቶውን በትልቁ አሳጥቦ ለሴትየዋ ወስዶላታል። የሥራውን ፎቶ ግን ገና አላነሳም፤ አስቸጋሪው እሱ ነው። በብዙ ቤት እንሰት መፋቅ የሴቶች ሥራ ስለሆነ ወንድ ካሜራ ይዞ ሲቆም ሥራው ራሱ ይቆማል። ነርሷ ራሷ ታንሳው ብለናል።

በአዲስ አበባ ይህን የመሰለ ነገር በወጉ ተሞክሯል። አይዳ ሙሉነህ በ2010 የጀመረችው አዲስ ፎቶ ፌስት ላይ ወጣት ፎቶ አንሺዎች ሥራቸውን አዘጋጅተው ከአገር ውስጥና ከውጭ በመጡ ባለሙያዎች ፊት ይዘረጉ ነበር። መልካም ነው። እኔ ግን ስለ ባለሙያ ሳይሆን ስለ ጓደኛ ነው የማወራው። ባለሙያው ተናግሮ አውሮፕላኑን ይሳፈራል፤ ጓደኛህን ግን በማግስቱ ገበያ ላይ ታገኘዋለህ። የሚከብደውም ለዚህ ነው። በእንግሊዝ አገር አማተሮች ለዚህ አንድ ዘዴ ነበራቸው። ፎቶ የታጨቀበት ሣጥን በፖስታ ከአባል ወደ አባል ይዞራል፤ እያንዳንዱ የሌላውን ፎቶ አይቶ አስተያየቱን በጽሑፍ ያኖራል። ሣጥኑ ዞሮ ሲመለስ የራስህን አንብበህ አውጥተህ አዲስ ትከትታለህ። ፊት ለፊት ስላልሆነ ሳይቀል አይቀርም። ለኛ ለቡና ሰዎች ግን የሚሆን አይመስለኝም።

ወደ ካሜሮን ልመለስና ላብቃ። ዓለማየሁን ካነሳችው በኋላ በዓመቱ፣ በ1869፣ አንድ መከራ ደረሰባት። የመስታወት ኔጋቲቮቿ ላይ የተቀባው ሽፋን እየተሰነጠቀ፣ የምትሳሳላቸው ሥራዎች ይበላሹባት ጀመር። ስለ ፎከስ አልሰማችሁም ያለች ሴት ታዲያ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? የተሰነጠቀውን ይዛ እዚያው ማኅበር ሄደች። ያ ዝርክርክ ነሽ ያላት ማኅበር፣ እንደሷ ያሉ አማተሮች ያሉበት። ምን ባደርግ ይሻላል አለቻቸው። እነሱም አዩት፣ ተመካከሩበት፣ ከምትኖርበት ደሴት የሚመጣው የባሕር እርጥበት ሳይሆን አይቀርም አሏት።